የክቡር አሰልጣኛችን ጉልበት

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ የት ይደርስ የነበረ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ማተሚያ ቤት ይህንን ሰው የወረቀት መጋዘን ኃላፊና የእግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ አድርጎ ሾሞታል።

ክቡር አሰልጣኛችን "ጉልበቴ ነው እንጂ..." ብለው ይጀምሩና አይጨርሱትም። ሦስት ክለብ፣ አራት ቀዶ ሕክምና፣ ስንት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ። ስንት ጎል እንዳገቡ ሲጠየቁ ግን ሳል ይይዛቸዋል። እኔ ደግሞ ሰው ቶሎ አላምንም። ሰኞ በግራ እግራቸው ሲያነክሱ አየሁ፤ ሐሙስ በቀኝ። በአፌ አንቱ እያልኩ በልቤ "ያዝኩህ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ሲወጡ ከኋላ ከኋላ እያልኩ እከታተላለሁ።

በሥልጠና ላይ የሚፈሩት አንድ ቃል ብቻ ነው። "አመመኝ" ብሎ የሚጮኸውን "ተነስ፣ አትልፈስፈስ" ይሉታል። "ምንም አይደል፣ ትንሽ ናት" ያለውን ግን ወዲያው ያስወጡታል። "ሕመሙን 'ናት' እያለ ካሽሞነሞናት ደብቆኛል ማለት ነው" ይላሉ። ይህንንም አላመንኩም፤ ልጆቹ እንዳይበልጧቸው የፈጠሩት ዘዴ መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ ታናሽ ወንድሜን ሊያይ መጣ። ወንድሜ እዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶታል፣ ሌላ መልማይ የሚመጣለት አይመስለኝም። በሃያኛው ደቂቃ ወደቀ። ጉልበቱን እያሻሸ ተነሳና "ትንሽ ናት ጋሼ" አለ። አስወጡት።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጣላ መልበሻ ክፍል ገባሁ። መልማዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አሰልጣኙ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው ፊቱ ቆመዋል። በአሰልጣኙ ግራም ቀኝም ጉልበት ላይ የስፌት ጠባሳ አለ።

"ግራውን ደብቄ ተጫወትኩ። ቀኙ የሁለቱን ሸክም ሲሸከም እሱም ሄደ። አሁን ተራ በተራ ያሙኛል" ይሉታል። "ይሄ ልጅ ይታከም። የዛሬ ወር ተመለስና እየው። ካልሆነ እኔን ውቀሰኝ።"

መልማዩ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ጻፈና ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

"ወንድሜን ሲያስወጡት ረግሜዎት ነበር" አልኳቸው።

"እኔንም ያኔ የሚያስወጣኝ ቢኖር እረግመው ነበር" አሉ፣ ሱሪያቸውን እያወረዱ።

ክቡርነታቸው ለማጎንበስ ጊዜ ስለሚፈጅባቸው የጫማቸውን ማሰሪያ እኔ አሰርኩላቸው።