አባ፣ ሴንሰር ነው ያልኩት!

የፎገራ ሰው ስለ መኪናው ጉልበት ሲምል ብትሰሙ እንዳታምኑት! ሜዳ ላይ ጎበዝ ያልሆነ መኪና የለም። የሩዙን ማሳ ግራና ቀኝ እያያችሁ ስትነዱ ጎማው የሚዞር ነገር ሁሉ ይሄዳል። እኔም "መኪናዬ ነፋስ ናት" እያልኩ ስፎክር የኖርኩት ሜዳውን ተማምኜ ነው። ጉዱ የሚፈላው ዳገት የመጣ ዕለት ነው...

መኪናዬ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ልዩነታችን እኔ እስካሁን አለማግባቴ፣ እሷ ደግሞ ስድስት ባለቤት መቀየሯ ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። ነዳጅ ስረግጥላት ትጮኻለች፣ ታጓራለች... ግን አትሄድም። ወረታ ገበያ መግቢያ ላይ ያለችውን ጉብታ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ተንደርድሬያለሁ። አንድ ባለ ባጃጅማ አጠገቤ ቆም ብሎ "ጋሼ፣ ልጎትትህ?" አለኝ። ባጃጅ!

ይባስ ብሎ ከመሪው ፊት ያለችው፣ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በርታ ቀረች። "ዶክተር" የምንለው መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ማዕረጉን ያገኘው የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር የገዛ ዕለት ነው። መዳፍ የምታህለውን መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰካና ፊቱን አጠቆረ።

"ሴንሰር ነው።"

"የምኑ?"

"የአየሩ። አየር በቂ አይገባም እያለ ይዋሻል።"

"የሚዋሸው እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?"

"ሥራዬ ነው እኮ!"

ሴንሰሩ ተቀየረ። አዲሱም (አዲስ ስል ያገለገለ አዲስ ማለቴ ነው) ያንኑ ተናገረ። "ይሄም ውሸታም ነው" ተብሎ ተነቀለ። ሦስተኛው መጣ፤ እሱም ቃል በቃል ያንኑ። እናንተዬ፣ ሦስት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ምን ትላላችሁ? እኛ "ሦስቱም ተበላሽተዋል" አልን! ከየመሥሪያ ቤታችን ያመጣነው ልማድ ሳይሆን አይቀርም። ችግር አለ ብሎ ሪፖርት የጻፈውን ሰው እናዛውራለን እንጂ ችግሩን ሄዶ ማየት መቼ ለመደብን?

ጊዜ ቢኖር አራተኛም እንሞክር ነበር። ግን ቅዳሜ ደረሰች፤ ትርንጎን ለማግባት ሽማግሌ የምልክባት ቅዳሜ! አባቷ ጋሽ ዓለሙ ከዓለም በር ወዲያ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ዕድሜያቸውን ደወል ሲያስደውሉ ስለኖሩ በሰዓት ቀልድ አያውቁም። ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። ለሦስተኛው "ረፋድ አራት ሰዓት፤ ካረፈዳችሁ ነገሩ አበቃ" ብለዋል። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ራሱ ደጃፍ ላይ አይታይምና የእኔ ድርሻ ሾፌርነት ብቻ ነው፤ ከመንደሩ በታች አውርጃቸው እጠብቃለሁ።

ያቺ ቢጫ መብራት ሽማግሌ ፊት እንዳታሳጣኝ ፈራሁ። "ዶክተር፣ ይህቺን አጥፋልኝ" ስለው ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባትና "ይኸው፣ ዳነች!" አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። አዎ፣ አመሰገንኩት!

ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴ አባ ይርዳው ከፊት፣ ጎረቤቴ ጋሽ ሞላ ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመርን። ሜዳውን እንዴት በረርን! አባም "ፈጣን ናት" ብለው መረቁኝ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ሦስተኛ ማርሽ... ሁለተኛ... አንደኛ... ሣር የተሸከሙ ሴቶች "እንዴት አደራችሁ?" ብለውን ቀደሙን። መኪናዋ አንዴ አቃሰተችና ቀጥ አለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

"ምን ነክቷት ነው ልጄ?" አሉ አባ።

"ሴንሰሯ ነው አባ።"

"ሳንሱር? እሱ ቀርቷል ሲሉ ሰምቼ አልነበር?"

"አባ፣ ሴንሰር ነው ያልኩት! ችግር ሲኖር የሚናገር ዕቃ ነው።"

"ታዲያ ምን ነገረህ?"

"እ... የሚናገረው በዚህች መብራት ነበር። በፕላስተር ሸፍነናት ነው እንጂ..."

አባ ፕላስተሩን በጣታቸው ነካ አደረጉና ወደ ጋሽ ሞላ ዞሩ። "ሳንሱር ነው እኮ ያልኩት!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግነቱ ጭድ የጫነ አይሱዙ ደረሰልን። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ሁለቱ አዛውንት ጭዱ ላይ ወጡ። ጋሽ ሞላ "አንተስ? ና ውጣ እንጂ፣ መንገድ ላይ ትወርዳለህ!" አሉኝ። "አይ፣ እኔ እሷን ጥዬ አልሄድም" አልኩ። ለእናንተ ልንገራችሁና፣ በሯ አይቆለፍም።

አላፊ አግዳሚው እንዳይስቅብኝ ሥራ ያለኝ ለመምሰል ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሯ አየር በምትስብበት ቀዳዳ አፍ ላይ ግራጫ ጨርቅ አየሁ። ስስበው... የእኔው ሸሚዝ እጅጌ! ለካ መኪናዬን የማቆመው ከሩዝ መፈልፈያው ጎን ስለሆነና እብቁ ስለሚነፍስ፣ "እንዳያፍናት" ብዬ ከወራት በፊት ራሴ ወትፌው ረስቼዋለሁ። እብቁ ላዩ ላይ ተጋግሮ ትራስ አክሏል። ያፈንኳት እኔ ነኝ! ሦስቱ ምስኪን ሴንሰሮች "አየር የለም" ያሉት እውነታቸውን ነበር።

እጅጌውን ወርውሬ ቁልፉን አዞርኩ። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ከመንደሩ በታች እንደቆምኩ ጋሽ ሞላ ደወሉ።

"ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባን! ጋሽ ዓለሙ ጭዱን ከላያችን እያራገፉ 'ምን ሆናችሁ?' አሉን። መኪናው ታማበት፣ እሱም ጥሏት አልመጣ ብሎ አልናቸው።"

"እሳቸውስ?"

"'የታመመች ጥሎ የማይሄድ ከሆነ ልጄን ይውሰድ' አሉ! ተሰጥቶሃል!"

ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ፤ እፍረቱም አብሮ መጣ። የታመመችውን ማን እንዳሳመማት ለአማቴ ማን ይንገራቸው? ለትርንጎ ግን መደበቅ አልሆነልኝም። በማግስቱ ደውዬ እጅጌውንም፣ እብቁንም፣ ሦስቱንም ሴንሰሮች ዘረዘርኩላት። ትስቃለች ስል ጥያቄ አመጣች።

"እኔ ምልህ..." አለችኝ፣ "የተከራየኸው ቤት መስኮት አለው?"

"ሁለት አለው።"

"አንዱንም እንዳትነካ፤ የምከፍትና የምዘጋው እኔ ነኝ።"