ሦስተኛውን ልመና ስጠብቅ

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ገባኝ፦ ይሉኝታ የያዘው ሰው ማስተርስ መማር የለበትም! የመጀመሪያ ዲግሪው ይበቃዋል። እሱንም ያገኘው ፈተናው በጽሑፍ ስለነበረ ነው።

እኔ ጁባ ውስጥ በአንድ የተሃድሶ ማዕከል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጦርነቱ ከፈነዳበት ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ወዲህ የተጎዳ ሰው በዝቶብናል። ለወራት ሳሠራው የከረምኩት አንድ የኒምራ ታላታ ሰፈር ሹፌር ቀኝ እጁ ሲንቀሳቀስለት፣ እኔ ከደስታ ብዛት ላጨበጭብ ስል፣ "ጥሩ ነው ዶክቶራ" አለኝ፣ "አሁን ሸሚዜን ማን ይቆልፍልኛል?"

የእኔ ሙያ እዚህ ላይ ያበቃል። መልሱ ያለው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ ውስጥ ነው፦ ሰው ከጉዳት በኋላ መልበሱን፣ መብላቱን፣ ሥራውን መልሶ ራሱ እንዲችል ማድረግ።

ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ የማስተርስ አማራጮችን ሳስስ ከረምኩ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ በቀለም ለያየሁ… አንደኛው ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽ በዚሁ ሙያ ካልሆነ ደጃችን አትድረሺ ይላል። ሌላው በርቀት ነው የሚያስተምረው፤ የጁባን ኢንተርኔት የምታውቁ እዚህ ላይ መሳቅ ትችላላችሁ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፦ ከሌላ የጤና ሙያ የመጣ ሰው የሚቀበል፣ ሁለት ዓመት፣ ከሆስፒታል ልምምድ ጋር። አመለከትኩ። በስካይፕ ቃለ መጠይቅ አለሽ ተባልኩ።

አክስቴ እቴቴ ዘነቡ ካቶር ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ጄኔሬተሯ ስለማይከዳ ዕቃ ቤቷ ውስጥ፣ ከቢራ ሳጥኖቹ መሃል ወንበር አስቀመጠችልኝ።

"ሸሚዝ መቆለፍ ለማስተማር ነው ሁለት ዓመት?"

"እሱ ብቻ እኮ አይደለም እቴቴ…"

"በይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ድምፅሽንም አውጪው፣ ለራስሽ አይደለም የምታወሪው!"

ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ ፈረንጇ ፕሮፌሰር ደግ ሴት ነበሩ። ስለ ሹፌሩ ስነግራቸው ማስታወሻ ያዙ። ሁሉም ነገር በሰላም ሄደ… እስከ መጨረሻው ጥያቄ።

"አንድ ቦታ ቀርቶናል። ስምሽን እንያዝልሽ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ያደግሁት የቀረበልኝን ሁሉ መጀመሪያ "በቃኝ" እያልኩ ነው። ሰው ቤት ገብቼ አንጀቴ እየጮኸ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ያላልኩበት ቀን የለም። ምላሴ እኔን ሳያማክር ሄደ።

"አይ፣ በእኔ ምክንያት አትቸገሩ። ለሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል።"

ብዕራቸውን አቆሙ። "እርግጠኛ ነሽ?"

ይኸው ሁለተኛው ልመና! በእኛ ደንብ ግን በሁለተኛው እሺ ማለት ትንሽ መስገብገብ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ፤ ለሦስተኛው ፈገግታዬን አዘጋጅቼ።

"የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል" አሉና ተሰናብተውኝ ጠፉ።

ፈገግታው ፊቴ ላይ ቀረ።

እቴቴ በሩን ከፈተች። "እህስ፣ አገኘሽ?"

"ቦታ እንያዝልሽ አሉኝ… አትቸገሩ አልኳቸው።"

"ስንቴ?"

"ሁለቴ።"

እቴቴ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። "ካላስ፣ አለቀ! አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ሐበሻ ሲመጣ ሦስቴ እለምናለሁ። ፈረንጅ ግን አንዴ በቃኝ ካለኝ ሳህኑን አነሳለሁ። እሷም ሳህኗን አነሳች እንጂ ምን ታድርግ?"

እዚያው ተቀምጬ ኢሜይል ጻፍኩ። "የማያስቸግር ከሆነ… ሌላ ፈላጊ ከሌለ… ጊዜዎን መሻማት ባልፈልግም…" አራት አንቀጽ! መልሼ ሳነበው ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ብያለሁ። እቴቴ አስደመሰሰችኝ። "ነገ ትደውያለሽ። በአፍሽ!"

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ።

"ትናንት አይ ያልኩት… በትሕትና ነው። ቦታውን እፈልገዋለሁ።"

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማኝ።

"ለማንም አልሰጠነውም" አሉ ፕሮፌሰሯ በመጨረሻ። "ያንቺ ነው። ግን ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ግዴታ አለ፣ እሱም…"

"አዎ!" ብዬ ጮህኩ። "እሺ! እፈልጋለሁ!"

መስመሩ ተቋረጠ። ምን ለማድረግ እንደተስማማሁ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ አጣራለሁ።