ሳያነብ የሚያጸድቅ

ሳያነብ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያጸድቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ አብሬው እሠራለሁ፤ ጌትነት እንበለው።

የክትባት ማቀዝቀዣ የሚቆጣጠር መሣሪያ እንሠራለን። ውስጡ ዘበኛ የምንለው ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ዋናው ፕሮግራም በየጊዜው «አለሁ» ካላለው፣ ደርቋል ብሎ መሣሪያውን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ባልደረባችን ሳባ የዘበኛውን ኮድ ስትጽፍ ተሳሳተች፤ ዋናው ፕሮግራም ቢደርቅም ሌላ የኮዱ ክፍል «አለሁ» እያለ ይመልስለታል። ጌትነት እንዲመረምረው ተሰጠው። እሱ ምን አደረገ? የፊደል ግድፈት አርሞ አጸደቀው። ሊቅ አይደል?

ደምበጫ አቅራቢያ ባለ ጤና ኬላ መሣሪያው ደረቀ። ዘበኛው አላስነሳውም፤ ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ ሕፃን አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶች እንዲሁ ተመለሱ።

«አንብበኸው ነበር?» አልኩት።

«ሳባ ጎበዝ ናት፤ አምኛት ነው።»

«እምነትህን ለቤተ ክርስቲያን አድርገው። እዚህ የተቀመጥከው ልትጠረጥር ነው።»

መሣሪያውን ልንጠግን ስንሄድ በግድ ይዤው ሄድኩ። ለክትባት ዳግም የመጡትን እናቶች ይቅርታ ሲጠይቅ አንዷ፣ «እንዲህ ሳይሆን በፊት የሚያየው ሰው አልነበረም?» አለችው።

«ነበረ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እኔ ነኝ» ለማለት ግን አፉ አልታዘዘውም።

«እሱ ነው» አልኳት።