የእናቴ እርምጃ በጃፓንኛ

ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሁሉ በመኪና በሚሄድባት የስደት ከተማችን ዩለስ ውስጥ ያለችን አንዲት ብቻ ናት፤ እናቴ።

ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛ የምትማረው ልጄ፣ «አባዬ፣ ጃፓኖች ዝም ብሎ መንሸራሸርን ቡራቡራ፣ መንቀራፈፍን ኖሮኖሮ፣ የሕፃን ድክ ድክን ዮቺዮቺ ይሉታል» አለችኝ። የእናቴን ምን ይሉት ይሆን? ገና በእግሯ ልትንሸራሸር ከመውጣቷ አንዱ ያገሯ ልጅ መኪናውን ያቆማል። «እማማ፣ ራይድ ልስጥዎት!» ይሉኝታ ይይዛትና ትገባለች። ቤት ያደርሳታል። ተመልሳ ትወጣለች። ትናንት ሦስቴ ተመለሰች።

ዛሬ አብሬያት ወጣሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የምውለው ሾፌር፣ ገና መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ ማለክለክ! እሷ እርምጃዋን ለኔ ብላ ቀነሰች። መኪና ቆመ።

«እማማ፣ ራይድ?»

እናቴ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ተባረክ፣ ዛሬስ ይቅር። ልጄን ወፌ ቆመች እያልኩት ነው።»