ሙዋሊሙ ካልቶማና የረመዳኑ ስኳር ውሃ

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሰው ሁሉ ተስማምቶ፣ ልብሱን አራግፎ ሊነሳ ሲል «ቆዩ እንጂ፣ ገና አልጨረስንም» የሚል። ሐዘን ቤት ታገኙታላችሁ፣ ሰርግ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችሁ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የኛ ሞያሌ ድንበር ላይ ስለሆነች ነገሯ ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ዓይነት ገንዘብ፣ አንዳንዴም ሁለት ዒድ። ተከራካሪ ግን አንድ ብቻ ነው የተሰጣት። እሷም ለሁለቱም ወገን ትበቃለች።

ክብርት ሙዋሊሙ ካልቶማ! ሙዋሊሙ እኛ ጋ፣ በኬንያ በኩል፣ አስተማሪ ማለት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ሰላቷን አታሳልፍም፣ ቤቷም ማንያታ በሚባለው ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቄ ፊት ለፊት ነው። ከጀርባዋ ግን «ሙዋሊሙ ሀፓና» ነው የምንላት። ሀፓና በስዋሂሊ «አይደለም» ነው፤ እሷ ስትለው በር በጥፊ የተዘጋ ይመስላል። እኩያዬ ባትሆን አንቱ እላት ነበር።

ሳይንስና ሃይማኖት ይታረቃሉ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቋት። ትቆጣለች። «መቼ ተጣሉና ነው የማስታርቃቸው? የተጣላችሁት እናንተ ናችሁ!»

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ሜዳ ወጥተን ሰገድን፣ ዘነበም። ናይሮቢ ተምሮ መጥቶ ስልክ የሚሸጠው አብዲ «ትንበያው እኮ እንደሚዘንብ አስቀድሞ ነግሮን ነበር» ብሎ ሳቀ። ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ የነበረችው ካልቶማ እዚያው ዝናብ ውስጥ ቆመች። «ሀፓና! ትንበያው መቼ እንደሚዘንብ ነገረህ። ማንን እንደምታመሰግን ነገረህ?» አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው «ልክ ነሽ ልጄ፣ የሳተላይት ወሬ ሁሉ ውሸት ነው» ሲሉ ወደ እሳቸው ዞረች። «እሱም ሀፓና! ትንበያውን ቢሰሙ ኖሮ ፍየሎችዎን ጎርፍ ሳይወስዳቸው ከደረቁ ወንዝ ውስጥ ያወጡ ነበር።» ሁለቱም ተቀየሟት። ሽንኩርቱም በሰበሰ።

ሌላ ጊዜ ጂሎ የሚባል ደላላ የዒድን ጨረቃ አየሁ ብሎ ማለ። ካልቶማ ሰማዩን አሳየችው። «ጨረቃዋ ከፀሐይ ቀድማ ጠልቃለች። አንተ ያየኸው የስልክ ማማውን መብራት ነው።» አብዲ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ሒሳቡ ካወቀው ለምን ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን?» አለ። ምን አፉን አስከፈተው! «መፈለጉ ራሱ ዒባዳ ነው፣ አምልኮ ነው። በል ና፣ ጣሪያ ላይ ውጣ!» ብላ አወጣችው። የሌለች ጨረቃ ሲፈልግ አመሸ።

እንዲህ ያለች ጎረቤት ታደክማለች። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ እስካለፈው ረመዳን ድረስ።

አጎቴ ጎሊቻ ከጎልቦ ቆላ መጥቶ እኔ ጋ አርፎ ነበር። የግመል ነጋዴ ነው፤ ስኳር በሽታ አለበት። የጤና ጣቢያው ነርስ ሜርሲ «አባባ፣ ይህ ኪኒንና ባዶ ሆድ አይስማሙም፤ እንዳይጾሙ» ብላ መክራዋለች። እሱም አክብሮ ሰማት፣ አመሰገናት፣ ወጣ፣ ጾመ። ከንጋት በፊት ለሱሁር ሊበላ ሲነሳ ኪኒኑንም ዋጠ፤ የታዘዘለትን አይተውማ። እኔ ስለምነው «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን በጠራራ ፀሐይ ላኝክ?» አለኝ። ከሱ ጋር የሚሟገት ጉልበት የለኝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ግመል ገበያው ውስጥ አንዲት ግመል ሲያሻሽጥ ድምፁ ተንተባተበ። ላቡ በጺሙ ወረደ፣ እኔን በሞተው አባቱ ስም ጠራኝ። ከዚያ መሬት ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን ደገፍኩት። ገላው እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል፣ በዚያ ሐሩር!

አንዱ ፀሐይ ነው አለ፣ ሌላው ጂኒ ነው አለ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሽማግሌ ሀጂ ዲዳ ተንበርክከው ቁርዓን ይቀሩበት ጀመር። አብዲ ስልኩን አውጥቶ መኪና ይጠራል። ሰውን በክርን እየገፋች የመጣችው ካልቶማ ናት።

«ኪኒኑን ውጧል?»

«ውጧል» አልኳት።

«ስኳር አምጡ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ረመዳን ነው፣ ቀትር ነው፣ ሰው በሞላበት ገበያ ነው። ራሷ ሄዳ የተዘጋውን የሻይ ቤት ሳጥን ከፈተች፣ ስኳሩን በውሃ በጥብጣ መጣች።

«ካልቶማ! ጾመኛ ነው!» አለ አንድ ሰው።

«ነበር» አለች።

መጀመሪያ ጥቂት ጠብ አድርጋ መዋጡን አየች፤ ሲውጥላት ቀስ እያለች ታጠጣው ጀመር። ሀጂ ዲዳ ደንግጠው መቅራት አቆሙ። ቀና ብላ አየቻቸው። «ሀጂ፣ ለምን አቆሙ? እርስዎ ይቅሩ፣ እኔ ላጠጣ። አንዱ ሌላውን አያቋርጥም!» ግራ ገብቷቸው ቀጠሉ። እኔ በግራ ጆሮዬ ቁርዓን፣ በቀኝ ጆሮዬ የጎሊቻን ጉሮሮ እያዳመጥኩ አለቀስኩ። በመጨረሻ ዓይኑ ሰው ለየና «ግመሏ ተሸጠች?» አለ።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። «ካልቶማ ጾም አስፈታች።» ወላጆች ልጆቻችንን ምን ልታስተምራቸው ነው አሉ። ሱቄ የሚመጡ ሴቶች በሯን እያዩ ያንሾካሽካሉ። በሌላ በኩል ደግሞ አብዲ ገበያው ውስጥ ያነሳውን ፎቶ በስልኩ ለሰው ሁሉ ልኮ «ሳይንስ 1፣ ሃይማኖት 0» ብሎ ጻፈበት። ከሐሜቱ ሁሉ እሷን ያንገበገባት ይህ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ግቢ ዛፍ ስር ተጠራች። የመስጊዱ ሼህ ነጅመዲን መሐል ተቀምጠዋል። እኔና ጎሊቻ ከጎን ነን።

ሀጂ ዲዳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ እንዲበርድ ነው የፈለጉት። «ሙዋሊሙ፣ ‹ቸኩዬ ነው፣ ይቅርታ› በይና ይለፍ» አሏት።

«አልቸኮልኩም። ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ መዋጡን ሳላይ እገለብጥበት ነበር።»

አብዲ ከኋላ «ትክክል! እውቀት ይቅርታ አይጠይቅም!» ብሎ ጮኸ።

እንዲያ ስትዞር አይቻት አላውቅም። «አንተ ዝም በል! ያን አንድ ለዜሮህን አጥፋው! ማን ነው እዚህ የተሸነፈው? እሱን ያጠጣሁት በሃይማኖቴ የታመመ ሰው ጾሙን ይፍታ ስለተባልኩ ነው። መታመሙን ያወቅኩት ደግሞ ስለተማርኩ ነው። አንዱን ብቻ ባውቅ ኖሮ ወይ እፈራ ነበር፣ ወይ እንዳንተ ፎቶ አነሳ ነበር። ሀጂ፣ እርስዎም ይስሙኝ። ሁለቱ የኔ ናቸው፤ አንዱንም ለማንም አልለቅም። ነገ እርስዎ ቢወድቁ ያንኑ አደርጋለሁ። ቢቀየሙኝም አደርጋለሁ!»

እሷ ገና መጀመሯ ነበር፤ ክርክሯን አዘጋጅታ እንደመጣች ከዓይኗ ይታያል። ሼህ ነጅመዲን ግን ወደ ጎሊቻ ዞሩ።

«ጎሊቻ፣ ኪኒንህንና ጾምህን ይዘህ ለምን እኔ ዘንድ አልመጣህም?»

አጎቴ መሬቱን በበትሩ ጫረ። «ያልመጣሁት ሼህ… ብጠይቅዎ አትጹም ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እልህ ነበር። መዳን የማይጠበቅለት በሽታ ከሆነ ድሃ ታበላለህ፣ ጾምህ ያ ነው። ትእዛዙም የአላህ፣ ፈቃዱም የአላህ፤ አንተ ትእዛዙን ብቻ መርጠህ ወሰድክ።» ከዚያ ወደ ካልቶማ ተመለሱ። «ሙዋሊሙ ልክ ናት። ተነሱ፣ ፀሐዩ ከረረ።»

ካልቶማ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «ጨረስን?» አለች። በሕይወቷ እንዲህ በቶሎ የተስማማት ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅር ብሏት ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

ግን አልተወችንም። ጎሊቻ ከዚያ በኋላ ቀትር ላይ መጋረጃ ጋርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላ ነበር፤ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። ካልቶማ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባቄላ በሰሃን ይዛ ትመጣና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ከንፈሯ በጾም ደርቆ ስኳርን ስለሚቆጣጠረው ስለ ቆሽት ሥራ ታስረዳዋለች። እሱ «አላህ እያየኝ ነው» ሲል «ይይህ! ደስ እያለው ነው የሚያይህ። ብላ!» ትለዋለች። እሱም በንዴት ይከራከራታል፣ በንዴት ይጎርሳል፤ ሳያስበው ሰሃኑ ባዶ ይሆናል። ለካ የምትመጣው ብቻውን እንዳይበላ ኖሯል። ይህን ብነግራት እንደምትክደኝ ስለማውቅ አልነገርኳትም።

ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ጉንፋን ይዟት ቀረች። ቤቱ ጭር አለ። ጎሊቻ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ «ዛሬስ በምን ልብላ?» አለኝ። እኔ ስለ ቆሽት ለመናገር ሞከርኩ፤ አዘነልኝ።

ወጥቼ መስኮቷ ስር ቆምኩ። ሰው እንዳላየኝ አረጋግጬ፣ በተቻለኝ መጠን ጮክ ብዬ፣ ጉንፋን የሚመጣው በባዶ እግር ከመሄድ እንደሆነና ይህንንም ሳይንስ እንዳረጋገጠ፣ ቁርዓንም እንደሚለው ለግድግዳው ተናገርኩ።

ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። አልጋ ተንቋቋ። ብርድ ልብስ መሬት ለመሬት ሲጎተት ተሰማ፣ መስኮቱም ተከፈተ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ።