ያገለገለውን መልሺ

ደወል የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ በቂ ወንበር የሌለውማ ሞልቷል። «ይጠቅማል!» ባይ የንብረት ክፍል ኃላፊ የሌለው ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ግን እወቁት፣ ወይ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ተዘግቷል።

የዚህኛው ባለሥልጣን ክቡር ጋሽ ይጠቅማል ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ግዛታቸው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለች ጠባብ መጋዘን ናት። እዚያ ውስጥ እግር የሌለው ወንበር አለ፣ ወንበር የሌለው እግር አለ፣ ግማሹ የጠፋ የዓለም ሉልም አለ። «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ያለ ሰው መልሱን ያገኛል። «አንተ ምን ታውቃለህ! ግማሹ ዓለም ሲገኝ ይገጠማል።»

ይህ ለሌላው ሰው ሳቅ ነው። ለትምህርት ቤቱ ነርስ ግን ደም ብዛት ነው።

ሲስተር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራት፣ ክሊኒኩን ብቻዋን ይዛለች። ክሊኒክ ማለት አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥንና አንድ መስኮት ነው። የተላጠ ጉልበት ታጥባለች፣ የአፍንጫ ደም ታቆማለች፣ ስኳር ያለባትን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ሥራ የጀመረች ሰሞን ጓንት አልቆባት ወደ መጋዘኑ ሄደች።

«ያገለገለውን መልሺና አዲሱን ውሰጂ» አሏት።

«ምኑን?»

«ጓንቱን ነዋ! ጠመኔም፣ መጥረጊያም፣ አምፖልም አሮጌው ሳይመለስ አዲሱ አይወጣም። ደንብ ነው።»

«ጋሼ፣ ደም የነካው ጓንት ነው እኮ!»

«ይታጠባላ!»

ሲስተር ያን ዕለት የተናገረችውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ለጥጥ ብትሄድ «ያገለገለው ጥጥ የታለ?» ተባለች። ለመርፌ ስትሄድማ የባሰ መጣ። አሮጌው ስሪንጅ መርፌው ተነቅሎ ለሥዕል መምህሩ ቀለም መቅጃ ይሆናል፣ ይጠቅማል።

«የሰው ደም የነካ መርፌ ነው! አንዴ ጫር ካደረገ ጉበት የሚጨርስ በሽታ ያስይዛል! ከፈለጉ ደመወዜን ይቁረጡት እንጂ አንዲት መርፌ አልመልስም!»

«አይ የዘመኑ ልጆች፣ ሁሉን መጣል!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ስንት ጊዜ ብትነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ደግሞ የካርቶኑ ነገር አለ። ጤና ጣቢያው ያገለገለ መርፌ የሚከተትበት፣ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ቢጫ ካርቶን ይሰጣል። ሲሞላ መኪና መጥቶ ይወስደውና ይቃጠላል። ከመጡት ሁለት ካርቶኖች አንዱ ጠፋ። ሲስተር ፈልጋ ፈልጋ የት አገኘችው? መምህራን ማረፊያ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ «የአስተያየት መስጫ» ተብሎ ተጽፎበት! ጋሽ ይጠቅማል አጠገቡ ቆመው ይኩራራሉ። «ቀዳዳዋን አየሽልኝ? ለወረቀት ተብላ የተሠራች!»

የመጀመሪያውን አስተያየት የከተተችው ራሷ ሲስተር ናት። ጋሽ ይጠቅማል ከዚህ ትምህርት ቤት ይነሱልን ይላል። ሣጥኑን የሚከፍቱት እሳቸው ስለሆኑ አቤቱታው የትም አልደረሰም።

ከክትባት ዘመቻው በኋላ የቀረው ካርቶን እስከ አፉ ሞላ። የጤና ጣቢያው መኪና ዛሬ ነገ እያለ ቀረ። በዚህ መሃል ዳይሬክተሩ እንግዶች እንደሚመጡ ሰሙና ግቢው ይጽዳ አሉ።

«ያ ቢጫ ካርቶን ከጀርባ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይጣል።»

«ዳይሬክተር፣ ጉድጓዱ እኮ አጥር የለውም! ልጆቹ ኳሳቸው በገባ ቁጥር እየዘለሉ ነው የሚያወጡት። ካርቶኑ ዝናብ ሲነካው ይቀደዳል!»

«ሲስተር፣ ቆሻሻ ቆሻሻ ነው። አታካብጂ።»

አታካብጂ! እስቲ ይታያችሁ፣ ለእንግዳ ዓይን ተብሎ በልጆች እግር ሥር መርፌ ይዘራል? ሲስተር በንዴት ጨርቋን ልትጥል ምንም አልቀራት። ክሊኒኩን ቆልፋ መኪና ልትለምን ጤና ጣቢያ ሮጠች። ዳይሬክተሩ ሌላ ቁልፍ እንዳላቸው ትዝ ያላት እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።

መኪናው ከሰዓት ይመጣል የሚል ቃል ይዛ ስትመለስ ካርቶኑ የለም። ወደ ጉድጓዱ በረረች። ሁለት ተማሪዎች ውስጥ ገብተው ኳስ ይፈልጋሉ።

«ውጡ! ምንም እንዳትነኩ!»

እጃቸውን እያገላበጠች አየች፤ የጫማቸውን ሶል ሳይቀር አየች። ደህና ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥም ከወረቀትና ከቅጠል በቀር ምንም የለም። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ «ካርቶኑን የት ጣልሽው?» አለቻት።

«ልጥለው ስሄድ ጋሼ ቀሙኝ።»

ቀሙኝ! ይሄኔማ ከፍተው፣ መርፌውን ነቅለው፣ ስሪንጁን አጥበው አስጥተውታል። ዛሬስ አልለቃቸውም ብላ ወደ መጋዘኑ ገሰገሰች።

መጋዘኑ ተቆልፏል። ጋሽ ይጠቅማል ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ከፊታቸው ቆመው ይጮሃሉ።

«ይከፈት ብያለሁ! ከሥራ አግድዎታለሁ!»

«ያግዱኝ። ይሄ ካርቶን ጉድጓድ አይገባም።»

ዳይሬክተሩ እየተነጫነጩ ሄዱ። ሲስተር ትንፋሿን ሰብስባ «ከፈቱት?» አለች።

«አልከፈትኩም። እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ወሰዱት?»

አንገታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ልጆቹ ዓይኔ ላይ መጡብኛ። አንቺ ደግሞ አንዴ ጫር ካደረገ ጉበት ይጨርሳል ብለሽኛል።»

«ለካ ይሰሙኝ ነበር?»

«እኔ ምን ጥዬ አውቃለሁ፣ ልጄ? የተነገረኝንም አስቀምጣለሁ።»

ልትወርድባቸው ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ተወችው። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ መኪናው እስኪመጣም ሁለቱ ከዚያ በር አልተነሱም።