በፈቃድ የተጠጣ ጽዋ

የአገር ደኅንነት ትልቁ ስጋት ድፎ ዳቦ ነው። አትሳቁ፤ እኔም እንደናንተ አላምንም ነበር። ድፎ ባለበት ሰው አለ፣ ሰው ባለበት ወሬ አለ፣ ወሬ ባለበት ደግሞ... ይኸው፣ አዋጁ የፈራው ይህንን ነው። አገር ለመከላከል የወጣው አዋጅ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው ሲል እኔ የመሰለኝ ሰላማዊ ሰልፍ ነበር። እኔ ደግሞ ሰልፍ የምወጣው ለዘይት ብቻ ስለሆነ "እኔን አይነካኝም" ብዬ ተኛሁ።

የነካኝ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራዬ የደረሰ ዕለት ነው። በየወሩ ከአባላቱ አንዱ ቤት ተሰብስበን ጠበል ጸዲቅ እንቀምሳለን፤ ጽዋውንም የሚቀጥለው ወር ባለተራ ተረክቦ ይሄዳል። ማኅበሩን ከአባቴ ነው የወረስኩት። አባቴ ዕድሜ ልኩን አንድም ወር ሲታጎል አላየም። ታዲያ በእኔ ቤት፣ በእኔ ተራ ቢታጎል ደብረ ማርቆስ ላይ በየት በኩል እሄዳለሁ? ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ጠንስሳ ጨርሳለች። "ጠላው አዋጅ አያውቅም፤ ደርሷል" አለችኝ። ኮቴን ለብሼ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

ፈቃድ ሰጪው አቶ ሀብታሙ ይባላሉ። እኔ አስተምሬ ለጡረታ የተቃረብኩ ነኝ፤ እሳቸው ገና ልጅ ናቸው። ወንበራቸው ትልቅ ስለሆነ ግን አንቱ እንላቸዋለን።

"የስብሰባው አጀንዳ ምንድን ነው?"

"ስብሰባ አይደለም፣ ማኅበር ነው። እንጸልያለን፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንጫወታለን።"

እስክሪብቷቸው ቆመ። "ስለ ምን?"

ይኼኔ አላበኝ። ስለ ምን እንደምንጫወት ሳንጫወት በምን አውቃለሁ? የማዳበሪያው ነገር ይነሳል፣ የመንገዱ መዘጋት ይነሳል፣ ከዚያ ማን ምን እንደሚል... "ስለ ዝናብ" አልኩ። ዝናብ መንግሥትን አይነካም ብዬ ነው። ትንሽ አሰብ አደረጉና ፈቀዱልኝ፤ ግን እሳቸው ራሳቸው መጥተው ስለ አዋጁ ግንዛቤ ሊያስጨብጡን ነው።

በዕለቱ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። የማኅበራችን አባት ቄስ ይርዳው ጸሎቱን እንዳደረሱ አቶ ሀብታሙ ወረቀታቸውን አውጥተው፣ አዋጁ ነጻነታችንን የሚገድበው ነጻነታችንን ለመጠበቅ እንደሆነ በዝርዝር አነበቡልን። ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ቻልነው። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። "በሉ ተጫወቱ እንጂ" ሲሉን አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ሁልጊዜ ከጎኔ ተቀምጠው መንግሥትን ከንጉሡ ጀምረው በየተራ የሚያሙት ጋሽ ወርቁ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አዩና "ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው" አሉ። ሁላችንም "ደህና ነው" አልን። በገዛ ቤቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት አሳዘነኝ። የምሬን ነው፤ በጣም አሳዘነኝ።

ፎቶ አንሺውም ተቸገረ። የተኮራመተ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ አይሆንም። "ኃላፊ፣ እስቲ የሆነ ነገር ይያዙና ከሕዝቡ ጋር..." አላቸው። አቶ ሀብታሙ ዞር ዞር ብለው አዩና ቄስ ይርዳው ፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ብድግ አደረጉት። በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ፈገግ አሉ።

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ጋሽ ወርቁ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺው ደስ ብሎት አነሳ፣ አነሳ...

"በሰላም ያድርስህ ልጄ" አሉ ቄስ ይርዳው የአቶ ሀብታሙን ትከሻ ቸብ ቸብ እያደረጉ። "የሚቀጥለው ወር አንተ ቤት ነን።"

"እኔ ቤት? እኔኮ ለፎቶ ነው ያነሳሁት አባ።"

"ጽዋውን ያነሳ ነው የሚደግሰው። የማኅበሩ ሥርዓት ነው።"

"ባልደግስስ?"

"እሱን እንግዲህ ከጊዮርጊስ ጋር ትነጋገራላችሁ።"

ጊዮርጊስ ደግሞ በፈረስ ስለሚመጣ ኬላ አያቆመውም። አቶ ሀብታሙ ጽዋውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ወጡ።

በማግስቱ ፎቶው ተለጠፈ። ከሥሩ "ነዋሪዎች ለአዋጁ ያላቸውን ድጋፍ በእልልታ ገለጹ" ይላል። ከፊት አፋቸውን በሰፊው ከፍተው የሚያጨበጭቡት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ሰውየው እስካሁን ገበያ አይወጡም። በየመንገዱ "ለድግሱ ነው ያጨበጨብኩት" እያሉ ማስረዳት ሰልችቷቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አቶ ሀብታሙ ቤቴ ድረስ መጡ።

"ለድግሱ ፈቃድ አገኙ?" አልኳቸው።

"ለራሴ መፍቀድ አልችልም፤ ከስንት ምልልስ በኋላ አለቃዬ ፈቀደልኝ። ግን ደጋሹ ራሱ ግንዛቤ ማስጨበጥ አይችልም፤ ሌላ ሰው ፈልግ አለኝ። እርስዎ መምህር ስለሆኑ..." አሉና ያችን ረጅም ንግግር ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

አገላብጬ አየኋት። "ሁሉንም ላንብበው?"

በሩን መለስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ" አሉኝ። "ፎቶ አንሺው ቶሎ ይሂድልን። ስለ አለቃዬ የማጫውታችሁ አለኝ።"